የእትዬ አውራ ጣት

ትልቋ አክስታችን እትዬ በደርግ ጊዜ ቴፒ፣ በመንግሥት ቡና እርሻ ለለቃሚዎች ወጥ ይሠሩ ነበር። የታሸገ ምግብ ሲመጣ ቀኑን አያዩም፤ ፊታቸውን አጨማደው ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፤ ካበጠ ተበላሽቷል ብለው ይጥሉታል።

አንድ ቀን የእርሻው ካድሬ ክዳኑ ያበጠ የዓሣ ቆርቆሮ በካርቶን አስጭኖ መጣ። በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈውን ዓመት በእኛ ቆጥሮ «ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል» አለ። ካለፈበት ግን ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው።

እትዬ አንዱን እዚያው ካድሬው ፊት ከፈቱት። ግራጫ አረፋ ፊን ብሎ ሸሚዙ ላይ አረፈ። የሞተ አይጥ ይሸታል፤ ያኔ ልጅ ሆኜ አጠገባቸው ቆሜ ነበርና እዚያው አስመለሰኝ።

«እንግዲህ ጓድ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱልን» አሉት።

ካርቶኑ በሙሉ ተቀበረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ እትዬን ቀብረን ስንመለስ፣ ታመው ሳሉ ተገዝቶ የመጣ አንድ ቆርቆሮ ዓሣ ጓዳቸው ውስጥ አገኘን። ቀኑ አላለፈም። ሁላችንም በየተራ ክዳኑን ተጭነን መልሰን አስቀመጥነው። የእሳቸው ጣት ያልነካውን ማን ይበላል።