ቀልቤ ሱዳን ቀረ

ሱዳናዊቷ ተከራዬ ከነልጇ በመተማ በኩል ጎንደር መጥታ የጓሮዋን ክፍል ከያዘች ወዲህ አማርኛ የለመደችው ከሱቄ ደጃፍ ነው። ጨርቅ ስቸረችር አጠገቤ ተቀምጣ ሰው የሚለውን ትለቅማለች። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛዬን «ምነው፣ ቀልብሽ የት ሄደ?» ስላት ሰማችና ፊቷ በራ። ለካ ቀልብ የእነሱም ቃል ነው። እኔም ቁርአን ቀርቻለሁ፣ ፊደሉን አነባለሁ፤ ዐረብኛዬ ግን ከሶላት አያልፍም። አንድ ቃል የጋራ በማግኘታችን ብቻ ደስ ብሎን ሳቅን።

ቆይቶ መሳቁን ተወችው። እህል አትቀምስም፣ እንቅልፍ የላትም፣ ልጇ ስትጠራት አትሰማም። ጎረቤቱ አንዱ ዱዓ ይደረግላት፣ ሌላው ጠበል ትግባ ሲል ግራ ቢገባኝ ከነልጇ ሆስፒታል ወሰድኳት።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ትሁት። ዐረብኛ አስተርጓሚ እንደሌላቸው ነገረንና ከወረቀት እያነበበ በአማርኛ ይጠይቃት ጀመር። ሰዎች ክፉ ያስቡብኛል ትያለሽ ወይ? እኔ እንኳን እላለሁ! ገበያ ውሎ እንዲህ የማይል ካለ መታከም ያለበት እሱ ነው። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰሚያለሽ ወይ? አዎ አለች፣ የእናቴን። እናቷ ድምፅ እየቀዳች በስልክ እንደምትልክላት፣ እሷም ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እንደምታዳምጥ አውቃለሁና አስረዳሁት። አመሰገነኝና፣ እስኪ እሷ ትመልስ አለኝ። ተናደድኩ። ያ ጥያቄ በየትኛው አገር ሰው ልክ እንደተሰፋ እንጃ፤ ለእሷ አልሆናትም፣ እኔንም ይጠበኛል።

በመጨረሻ ምን እንደሚሰማት በራሷ አፍ እንድትናገር ጠየቃት።

«ቀልቤ የለም» አለች። «ቀልቤ ሱዳን ቀረ።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ቀልቧን መሳቷን ራሷ ነገረችው እንግዲህ፤ ተኝታ መታከም አለባት አለ። ልጇን ይዛ መተኛት አትችልም ብሎ ሲጨምርበት ደሜ ፈላ። በእሷ ቋንቋ ቀልብ ማለት ልብ ነው፣ ልቤ አገሬ ቀረ ነው ያለችህ፣ አገሩ የነደደበት ሰው ታዲያ ምን ይበል እያልኩ ወረድኩበት። እሱም ግራ ገባው። ወደ እሷ ዞሮ፣ ልብሽን ነው ወይስ አእምሮሽን ብሎ ጠየቃት።

አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች።

«ሁለት ነው እንዴ?» አለች።

መልሳችንን ሳትጠብቅ ልጇን ከወንበሩ አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት።

«እትዬ፣ ደክሞኛል። ልተኛ። እሷን ያዥልኝ።»

እኔ እንዳትተኛ ስሟገትላት፣ እሷ ልጇን ለማን እንደምትተው ስታስብ ኖሯል። ሐኪሙ ልክ ነበር ማለት ነው? እንዳልል ቃሏን በደንብ አልሰማም። እኔ ሰማኋት እንዳልል ደግሞ፣ ስታልቅ ቤቴ ውስጥ እያየኋት የአገር ናፍቆት ነው ብዬ ወደ ቤት ልመልሳት ነበር። ብቻ ልጅቷን ተቀብዬ ወጣሁ።

ባጃጅ ልንይዝ ስንወርድ ልጅቷ እጄን ይዛ እናቷ ምኗን እንደታመመች ጠየቀችኝ። ልጅ ቋንቋ ፈጥኖ ይለምዳል፤ አማርኛዋ የጎንደር ልጅ ነው የሚያስመስላት።

«ቀልቧን» አልኳት።

በየትኛው ቋንቋ እንደመለስኩላት እስከ ዛሬ አላውቅም።