ኖኅ ባና ሲሸምን

ባለፈው ዓመት ያሳተምኩት ልቦለድ መንዝ፣ የትውልድ ከተማዬ መሐል ሜዳ ሲደርስ፣ በሰፈራችን የተወራው ስለ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነበር። በዚያ ምዕራፍ ኖኅ መርከቡ ውስጥ እጁን አጣጥፎ ዝናቡ እስኪያባራ አይጠብቅም። በጎቹን ይሸልታል፣ ሚስቱ ሱፉን ትፈትላለች፣ እሱ ባና ይሸምናል። ብርድ ነዋ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው እየተቀዳ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጻድቁን ሰው ቁጢት በጣሽ አደረግሽው አሉ። የት ተጽፎ አገኘሽው?»

የሸማኔ ልጅ ነኝና ይህን ስድብ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቴም በሩ አጠገብ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

እኚህ ሽማግሌ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ያለውን የልደት ሥዕል ያሳያሉ። ከእረኞቹ አንዱ ጥቁር የመንዝ ባና ደርቧል። ሠዓሊው የእረኛውን መልክ የወሰደው ከእሳቸው አባት ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲኮሩበት ኖረዋል።

«አባባ፣» አልኳቸው፣ «አባትዎ ቤተልሔም መሄዳቸውስ የት ተጽፏል?»

አንዳንዱ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። እኔ ግን አልጨረስኩም።

«ሲሄዱ የደረቡትን ባና የሸመነው አያቴ ነው። ጌታ ፊት ተለብሶ የተቀረበበት ባና ኖኅን ምኑን ያዋርደዋል?»

ሽማግሌው ጠላቸውን አነሱ።

መጽሐፉ አሁን ለሁለተኛ ጊዜ እየታተመ ነው። ብዙ ቦታ አርሜዋለሁ። ኖኅን ግን ከመሸመኛው አላስነሳሁትም።