በሁለት ኢንተርኔት የመጣው ሙሽራ

ግጥሜን የሚያነብ ሰው ሳይኖረኝ ሁለት ኢንተርኔት ነበረኝ። አንደኛው እኔ ሰመራ ከመምጣቴ በፊት በግቢው ግድግዳ ላይ የተዘረጋ የድሮው የቴሌኮም ድርጅት ሽቦ ነው። ሁለተኛው ዘግይቶ የመጣው ድርጅት ሲም ካርድ የሚገባበት ሞደም ነው። ሁለቱንም ከሎግያ ገዝቼ ባመጣሁት ባለ ሁለት መግቢያ ራውተር ላይ ሰካኋቸው። ሞደሙ ክፍሌ ውስጥ ኔትወርክ አልይዝ ስላለ ከቤቱ ክፈፍ ሥር ሰቀልኩት፤ ሙቀቱ እንዳያጠፋውም፣ ሾፌሮች ለውሃ ጀሪካናቸው እንደሚያደርጉት፣ እርጥብ ጆንያ ጋረድኩለት።

አከራዬ ሐጂ ከወሎ መጥተው እዚህ ካፌ የከፈቱ ሰው ናቸው። ቀና ብለው አዩትና፣

«ይሄን ደግሞ ውሃ እያጠጣህ ልታሳድገው ነው?» አሉኝ።

«ሐጂ፣ አንዱ ሲወድቅ አንዱ ያነሳዋል» አልኳቸው።

ይህችን አባባል ወደድኳት። ለባጃጅ ነጂውም፣ ለጎረቤትም፣ ካፌው ውስጥ ሻይ ለሚጠጣ ሁሉ ነገርኩ። ከጻፍኩት ሁሉ ሰው በቃሉ የያዘልኝ እሷን ብቻ ነው። መከራዬ የጀመረው ሐጂ ሲያምኑኝ ነው።

የሐጂ ልጅ ዱብቲ የምትሠራ ነርስ ናት። የታጨችለት ሰው የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ኒካሁ ሁለት ጊዜ ተቀጥሮ ሁለት ጊዜ ቀርቷል፤ አንዴ ወደብ ላይ ወረፋ ያዘው፣ አንዴ ጎማ ፈነዳበት። ሁለቱንም ጊዜ መቅረቱን የነገረን በዚህ የሚያልፍ ሌላ ሾፌር ነበር። በሦስተኛው ቀጠሮ ዋዜማ ጭነት ይዞ ከመሃል አገር ሲወርድ አዋሽ ላይ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ። ጭነት ያለበት መኪና ደግሞ ተጥሎ አይመጣም።

ሐጂ ቁርጡን ተናገሩ። «ነገ ካልታሰረ አራተኛ ቀጠሮ የለም። የልጄ ዕድሜ የሱን ጋራዥ ሲጠብቅ አያልቅም።»

ኒካሁን የሚያስሩት ሸህ ቀላል መላ ነበራቸው። «ወኪል ያድርግ፤ ወኪሉ ይቀበልለታል።»

ልጅቷ እምቢ አለች። «ሁለት ጊዜ በሰው አፍ ቀረ፤ አሁን ደግሞ በሰው አፍ ሊመጣ ነው? ከራሱ አፍ ካልሰማሁ አልፈልግም!»

በስልክ እየተያዩ ይሁን ተባለ። የኔትወርኩ ነገር ሲነሳ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። «አንዱ ሲወድቅ…» ብዬ ስጀምር፣ «አንዱ ያነሳዋል!» ብለው ሐጂ ጨረሱልኝ።

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ሳሎኑ በሰው ሞላ። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ከሴቶቹ ጋር ናት። የኔ ስልክ ከኮካ ሣጥን ላይ ቆሟል። ሙሽራው አዋሽ ጋራዥ ውስጥ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ጎማ ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላው መዶሻ ይጮኻል። ሸሁ አስጠነቀቁን። አባት «ድሬልሃለሁ» ሲሉ፣ ሙሽራው ያንን ሰምቶ እዚያው በዚያው «ተቀብያለሁ» ማለት አለበት። በመሃሉ ከተቋረጠ እንደገና ይጀመራል።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ልጄን ድሬልሃለሁ» አሉ። ሙሽራው አፉን ከፈተ። እንደተከፈተ ቀረ።

ሁላችንም ጥርሱን እያየን ጠበቅን።

«አፉንስ ከፍቷል» አሉ ሸሁ፤ «ግን አፍ መክፈት ቃል አይደለም።»

እንደገና ደወልኩ። አሁን ደግሞ እዚያ ማዶ ምንም አልተሰማ ኖሮ፣ ሐጂ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሙሽራው በጭንቀት «ተቀብያለሁ! ተቀብያለሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ጥሪውም ተቆረጠ።

«አላህ ይርዳው» አሉ ሸሁ፤ «ያልተሰጠውን ተቀበለ።»

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ አልሳቁም። «አንተ ልጅ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ያነሳዋል አላልክም?»

«ያነሳዋል ሐጂ… ብቻ ጥሪው እንደ አዲስ መደወል አለበት።»

«ታዲያ ሁለተኛው እስከዚያ ምን ይሠራል?»

«ይጠባበቃል።»

«እንደ ወራሽ!» አሉና ከዘራቸውን አነሱ።

ያን ሰዓት የገባኝን ከአንድ ወር በፊት ማወቅ ነበረብኝ። ራውተሩን ያስተካከልኩት ሥራውን ለሁለቱ እያፈራረቀ እንዲያድል ነው። አንደኛው መስመር ትንሽ በተንገዳገደ ቁጥር ራውተሩ ወደ ሌላኛው ይዘላል፤ በሌላ በር የገባውን ሰው ደግሞ ማዶ ያለው አያውቀውም፤ ጥሪው ይቆረጣል። አንድ መስመር ብቻ ቢኖረኝ ጥሪው እያነከሰም ቢሆን ይደርስ ነበር። ጥሪውን የሚጥለው የኔ መድኃኒት ነው።

ከመጋረጃው ጀርባ የልጅቷ ድምፅ መጣ። «አንተ ገጣሚ! አንዱን ንቀለው!»

ልክ ነበረች። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንዱን መንቀል ከበደኝ። «ቆይ፣ ላስተካክለው» ብዬ ቅንብሩን ስነካካ ሐጂ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። ያን ጊዜ ደንግጬ አንዱን ገመድ መዘዝኩ። የመዘዝኩት የሚሠራውን ነው። የቀረው ሞደሙ ነበር፤ ሮጬ ወጥቼ ጆንያውን ብገልጠው ደርቋል፣ ሞደሙም ግሎ ጠፍቷል።

ስመለስ ሐጂ አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ ከተዋል። ኪሴ ውስጥ ያለችው ሌላዋ፣ ባለ ቁልፏ ስልኬ ጮኸች። ሙሽራው ነው፣ በተራ ጥሪ።

«ወንድሜ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፤ አንተ ተቀበልልኝ!»

ሸሁ ስልኩን ተቀብለው ድምፁን ከፈቱት። «ይሄን ልጅ ወክለኸዋል?»

«ወክዬዋለሁ፣ አባቴ!» ድምፁ ከመዶሻው በላይ ጠርቶ ተሰማ።

ሁሉም መጋረጃውን አየ።

«እሺ» አለች ልጅቷ፤ «ግን ኒካሁ እንዳለቀ ስልኩ ለኔ ይሰጠኝ።»

ሐጂ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። እጄን ያዙ፤ መዳፋቸው እንደ ሞደሙ ይፋጃል። «ልጄን ለወከለህ ሰው ድሬለታለሁ።»

«ለወከለኝ ሰው ተቀብያለሁ» አልኩ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ትንፋሹን ውጦ የሰማኝ በዚያች ቃል ብቻ ነው፤ እሷም የሌላ ሰው ነበረች።

«ወኪል ኔትወርክ አይፈልግም» አሉ ሸሁ ወደ ሩዙ እየቀረቡ።

አንዲት እጅ በመጋረጃው ሥር ወጥታ ባለ ቁልፏን ስልክ ወሰደች። «በል አሁን ራስህ በለው» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ፣ «አልሰማሁህም፤ ድገመው።» ስንት ጊዜ እንዳስደገመችው አላውቅም። ስልኬ ስትመለስልኝ ባትሪዋ አልቆ ነበር።