ባሕር ዛፉ የት ድረስ ይወድቃል?

በጃንሆይ ዘመን፣ ጎረምሳ ሳለሁ፣ በቆሰበር ከተማ ታንጀንትን ያለ አስተማሪ የተማረ ከእኔ በቀር አልነበረም። አባቴ ባሕር ዛፋችንን ሊቆርጥ ሲነሣ ጎረቤታችን ባልቴቷ መጥረቢያውን ያዙበት። በሌላው በኩል የእኛው ቤት ስላለ ዛፉ መውደቂያው ወደ ጎጇቸው ብቻ ነበርና፣ «ቤቴን ያፈርሰዋል!» ብለው ጮኹ።

እኔ ከዛፉ ሃያ ሜትር ርቄ ቆምሁ። ከእንጨት፣ ከክርና ከጠጠር በሠራሁት መለኪያ ጫፉን አነጣጥሬ ሳየው አንግሉ አርባ ዲግሪ ሆነ። የአርባን ታንጀንት በቃሌ አውቀዋለሁ! በሃያ አባዛሁት፤ ከመሬት እስከ ዓይኔ ያለውንም ቁመት ጨመርሁበት። ብዙ ተማሪ የሚረሳው ይህንን ነው፤ እኔ ግን አልረሳም።

«እትዬ፣ ከዐሥራ ስምንት ሜትር ተኩል አያልፍም። ደጅዎን በገመድ ለክቼዋለሁ፣ ሃያ ሜትር ላይ ነው።»

«አንተ ቀጣፊ! ዛፍ ሳይወጡበት ይለካል? ካመንህበት ሂድና ደጄ ላይ ቁም!»

ሄጄ ቆምሁ። ዛፉ እየተንቋቋ መጣ፤ ነፋሱ ጋቢዬን ገለበጠው፤ ጫፉ ግን ከእግሬ ሁለት ርምጃ ቀርቶት ተኛ። «አላልሁም!» ብዬ ዘለልሁ።

ባልቴቷ መጥተው ትከሻዬን ዳሰሱ። «በል ና» አሉኝ፣ «የጓሮዬንም ዛፍ ለካልኝ።»