የመጋዘኑ ሰባተኛ ረድፍ

ግንበኛው ወልደ አማኑኤል ከሐሙስ ጀምሮ ቁጭ ብድግ ነው። ምሳ ሲቀርብለት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይነሳል፤ በር ድረስ ሄዶ ቁልቁለቱን ያይና ይመለሳል፤ ቱምቢውን ከሚስማሩ ያወርድና መልሶ ይሰቅለዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ መቀመጫህ ላይ እሾህ በቀለ እንዴ?» አለችው ሚስቱ አማከለች። «ወይ ተቀመጥና ብላ፣ ወይ ውጣና ልጥረግበት።»

«ሰኞ ዶዘሩ ይገባል እኮ።»

«ታዲያ የሚደፈጥጠው አንተን አይደለም!»

የሚደፈጥጠው የድንጋይ ካባውን ነበር። ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ያለውን፣ ወልደ አማኑኤል አሥራ አንድ ዓመት የኖራ ድንጋይ የፈለጠበትን ካባ፣ በዚህ በ1995 ዓ.ም. የመንገድ ሥራው ለጠጠር ፈልጎታል። ከዚያ ካባ ወልደ አማኑኤል መቶ ስልሳ ሦስት ጥርሶች አውጥቷል። የበግ አይደሉም፣ የጅብም አይደሉም። ጥቁር ናቸው፤ እንደ ጠርሙስ ያብረቀርቃሉ፤ ጫፋቸው ጣት ይወጋል። ከገብስ ፍሬ የሚያንሱ አሉ፣ ከአውራ ጣት የሚረዝሙም አሉ።

ሰውየው የሞላሌ ልጅ ነው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ጠመንጃውን አስረክቦ በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ከመተኮስ በቀር የሚያውቀው ሙያ አልነበረውም። ደብረ ብርሃን ላይ ስድስት ወር ግንበኝነት ተማረ፤ አማከለችን አገባና ወደ አገሯ ወደ መርሐቤቴ ወረደ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው የገበሬዎቹ የእህል መጋዘን ነው። የመጀመሪያውን ጥርስ ያገኘውም ለመጋዘኑ የማዕዘን ድንጋይ ሲጠርብ ነበር። መሮው አንድ ጠንካራ ነገር ላይ ተንሸራተተና አውራ ጣቱን ገሸለጠው። ባልጩት መስሎት ፈልቅቆ ቢያጥበው ጥርስ ሆነ።

ሰዉ የዘንዶ ነው አለ። የከተማው የሳይንስ መምህር ደግሞ የአሣ ነው፣ ይህ አገር በጥንት ጊዜ ባሕር ነበር ቢለው ወልደ አማኑኤል ሳቀበት። ነገሩ ግን ከጭንቅላቱ አልወጣ አለ። ግንበኛ ነዋ፤ ድንጋይ ባየ ቁጥር የሚገባበትን ቦታ ይፈልጋል። ይሄ ጥርስ የበቀለበት አፍ የታለ? መንጋጋውን ሳላገኝ አልተኛም ብሎ ዓመት በዓመት ላይ ደረበ፤ የሚያገኘው ግን ነጠላ ጥርስ ብቻ ነው። ያገኘውን ከድንጋዩ ያላቅቃል፣ በሽቦ ብሩሽ ያጸዳል፣ በክብሪት ቀፎ አድርጎ በቁመት በቁመቱ ይደረድራል።

ካባው ለጠጠር እንደተፈለገ ሲሰማ ወደ ፎርማኑ ወደ ሪድዋን ሄዶ ነበር። ሪድዋን የሸዋ ሮቢት ሰው ነው፤ ነገር አያንዛዛም። «ካባውን በሙሉ ተውልኝ ካልከኝ አልሰማህም» አለው። «ባለሙያ አምጣና ይቺን ቦታ አትንካ ይበለኝ፤ ያቺን አልነካም።»

ወልደ አማኑኤልም ሦስት ጥርሶች ከደብዳቤ ጋር አዲስ አበባ ላለ አንድ ቤተ መዘክር ላከ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሳሌም የምትባል የድንጋይ ጥናት ባለሙያ ከአውቶቡስ ወረደች። የክብሪት ቀፎዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች።

«ጋሼ፣ እነዚህ ግሩም ናቸው! ሌላውን አሣ እያሳደደ የሚበላ አሣ ነው። ይሄኛው ከየት ወጣ?»

«ከካባው።»

«ከካባው የት ጋ? ከላይ ነው ከታች?»

ወልደ አማኑኤል ጥርሱን ከእጇ ወስዶ አገላበጠው።

«የተጣበቀበት ድንጋይስ?»

«ድንጋዩንማ አጽድቼ ጣልኩት።»

«እኔ ቤቱን አጽዳ ስለው እንቢ ያለ ሰው» አለች አማከለች ከበሩ፣ «ይሄን አጸዳ!»

ሳሌም ቀፎውን ቀስ ብላ ዘጋችው። «ካባው አርባ እርምጃ ነው፤ ግማሹ ፍርስራሽ ለብሷል። የወጣበትን ንብርብር ካላወቅኩ ለፎርማኑ ምኑን ላሳየው? ነገ ጠዋት ደግሞ በአውቶቡስ ተመላሽ ነኝ።»

ወልደ አማኑኤል መቆሚያ አጣ። ወጣና እግሩ ወደመራው ሄደ፤ እግሩም መጋዘኑ ድረስ ወሰደው። ግድግዳውን ተደግፎ ሲተክዝ አውራ ጣቱ አንዲት ባቄላ የምታህል የሲሚንቶ ልጥፍ ላይ አረፈ። ራሱ የለጠፋት ናት። ያኔ ተቆጣጣሪው ድንጋዩ ብል የበላው ነው እንዳይለው ፈርቶ፣ ጥርስ ያወጣበትን ቀዳዳ ሁሉ በሲሚንቶ ደፍኖት ነበር።

ቀና አለ። መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዚያ በላይ ዘጠኝ ረድፍ የኖራ ድንጋይ አለ። ካባው የተፈለጠው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ቁመቱ እኩል እንዲሆንለት ደግሞ አንዱን ንብርብር ለአንድ ረድፍ ነበር የሚያውለው። የላይኛው ንብርብር ታች ገብቷል፤ የታችኛው ጣራው ሥር ወጥቷል። አሥራ አንድ ዓመት በአጠገቡ ሲያልፍ የኖረው ግድግዳ የተገለበጠ ካባ ነው!

እየሮጠ ሄዶ መሮ፣ መዶሻ፣ መሰላል፣ የጥርሶቹን ቀፎዎችና ሳሌምን ይዞ መጣ። የመጋዘኑ ዘበኛ ገብረየሱስ ዱላውን አግድም ያዘና በሩ ላይ ቆመ።

«ወልዴ! የሠራኸውን ራስህ ልታፈርስ መጣህ?»

«ሲሚንቶ ነው የማወጣው።»

«አይጥ ገብቶ እህል ሲያልቅ እኔ ልጠየቅ?»

«ቀዳዳው ከባቄላ አይበልጥም አልኩህ።»

«አይጥስ ሲወለድ ከባቄላ ይበልጣል?»

ሳሌም ሳቋ አመለጣት። ገብረየሱስም የሚከፈተውን ቀዳዳ ራሱ ሊቆጥር፣ ወልደ አማኑኤልም መልሶ ሊደፍን ተስማሙ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ልጥፉን በመሮ ፈልቅቆ ካወጣ በኋላ ጥርሶቹን ቀዳዳው ውስጥ እየቀያየረ ይሞክራል። የሌላ ቀዳዳ ጥርስ ይንገዳገዳል ወይም አልገባም ይላል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ግን ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። ሳሌም ከጎኑ በጠመኔ ቁጥር ትጽፋለች። እስከ አሥር ሰዓት ሠላሳ ስምንት ጥርሶች ቤታቸው ገቡ። ከአንደኛው ረድፍ ሁለት፣ ከሁለተኛው ምንም፣ ከሌሎቹ አንድም ሁለትም። ከሰባተኛው ብቻ ሃያ ስድስት!

ሪድዋን ተጠርቶ ሲመጣ ጥርስ ያወጣውን ግድግዳ አይቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ምንድን ነው ይሄ? መጋዘናችሁ ሊነክሰኝ ነው?»

ወልደ አማኑኤል አስረዳው። ሪድዋን ረድፎቹን በጣቱ ቆጠረ። «ሰባተኛው ከካባው አናት ስንት ይርቃል?»

«ረድፉ አርባ ሳንቲ ነው። ስድስቱን አርባ ውረድ፤ ሁለት ሜትር ከአርባ። ከዚያ በታች ያለችው አርባ ሳንቲ ናት።»

«እንዲህ በልክ አትነግረኝም ነበር!» አለ ሪድዋን። «ዶዘሩ ከወዲያኛው ጫፍ ይጀምራል። ከወዲህ አሥር ሜትር ለአሥር ቀን የአንተ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ግን አላውቅህም።»

ሳሌም በአሥረኛው ቀን ልትመለስ ተነጋግረው እሑድ ጠዋት ሄደች። አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆና የተናገረችው አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ አደራ! አያጽዱት።»

ሰኞ ወልደ አማኑኤል ፍርስራሹን መጥረግ ጀመረ። ከወዲያ ዶዘሩ ያጓራል፤ በየቀኑ ድምፁ ይቀርባል። መሀል ላይ የማርያም ቀን ገባ። መዶሻ አልነካም፤ ግን ካባው አፋፍ ላይ ሲንጎራደድ ዋለ። በስምንተኛው ቀን ሰባተኛዋን ንብርብር ገለጣት፤ ነጠላ ጥርስ ብቻ ሰጠችው።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በመሮ ቀና ሲያደርግ አራት ጥርሶች ተሰልፈው አፈጠጡበት። ሥሮቻቸው ቡናማ አጥንት ውስጥ ተተክለዋል። እጁ ሳያዘው ወደ ሽቦ ብሩሹ ሄደ። ብሩሹን አነሳና ምሳ ይዛ ለመጣችው ለአማከለች ወረወረላት። «ውሰጂልኝ፣ ከዚህ አርቂልኝ!»

ድንጋዩን ከነአፈሩ በጋቢው ጠቀለለው።

አማከለች ጎንበስ ብላ አየች። «ይሄ ነው እንግዲህ? ያንን ሁሉ ዓመት ያስሮጠህ?»

«እሱ ነው።»

«በል አሁን ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። እንጀራውን ቆረሰና አንድ ጎረሰ። ሁለተኛውን ጠቅልሎ አፉ ጋ ሲያደርስ እጁ ቆመ፤ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየ።

«ይሄ የታችኛው መንጋጋ ነው» አለ። «የላይኛውስ?»

ጉርሻውን ለአማከለች አጎረሳትና መሮውን አነሳ። አንድ ቀን ቀርቶታል።