አረንጓዴ ጥለት ያለው ኩታ

እንዝርት ሲሾር የሚያሰማው ቀጭን ድምፅ ጆሮዬ ሲገባ የት እንዳለሁ እረሳለሁ፤ ገበያ መሃል ብሆንም ሐይቅ ከተማ ዳር ያለችው ቤታችን ተመልሳ ትመጣና፣ እናቴ እግሯን ዘርግታ ትፈትላለች፣ እኔ አጠገቧ ጥጥ አባዝታለሁ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴን ክረምት ይጥላት ነበር። ዝናቡ ገብቶ ሐይቁ ሲጠቁር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛና፣ ብንጠራት አትሰማ፣ ብናጎርሳት አትውጥ፣ ሰፈሩም «ዛር ነው»፣ «የለም፣ ዓይነ ጥላ ነው» እያለ ይከራከርባት ነበር። መድኃኒቷ ግን በዓል ነበር። ማንም አልነገረኝም፣ በዓይኔ አይቼ ነው። መስቀል ሲቃረብ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ በር ላይ ቆመው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ድስቴን አጥበሻል ወይስ ዘንድሮ ጦሜን ልታሳድሪኝ ነው?» እያሉ ይጮሁባት ነበር። ሥጋችን አንድ ስላልሆነ፣ በዓል ሲመጣ ባላቸው ባርከው ያረዱት ዶሮ ብቻ የሚሠራበት ድስት እኛ ቤት ነበር፤ እሳቸውም ቤት ለአረፋ የእኛ ድስት ነበር። እናቴ ያንን ድስት ለማጠብ ትነሳለች፣ ከተነሳች በኋላ ተመልሳ አትተኛም።

ከመስቀል እስከ ጥር ትፈትል ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል ሌላው ይስቃል፣ እሷ ግን የምሯን ነበር፤ ፈትሏን የእትዬ ዘሀራ ባል ይሸምኑላታል፣ እሷም በየአመልማሎው ትንሽ ትንሽ ሰው ትሆናለች።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ አምባሰል፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ዘመድ ቤት በተደበቀበት ዓመት ግን መስቀልም አላስነሳትም። የቀበሌ ጥበቃ የነበረው ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ ይመር፣ መጥቶ ራስጌዋ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ለጥምቀት ልጅሽን አውርጂው። በታቦት ቀን ማንም አይነካውም፣ እስጢፋኖስን!»

በማግስቱ እንዝርቷን አነሳች። በኅዳርና በታኅሣሥ እንደሳቀችው ስትስቅ አይቻት አላውቅም። አጎቴ ብቅ እያለ ጠላዋን ይጠጣ ነበር።

«ለታደሰ ምን ዓይነት ጥለት አሠራሽለት?» አላት አንድ ቀን።

«አረንጓዴ ነዋ! ሰው ሁሉ ቀይ ይለብስ የለ? የኔ ልጅ ከሩቅ ይታይ!»

«ይታያል» አለ አጎቴ፣ ዋንጫውን ጨልጦ።

በጥምቀት ዕለት ወንድሜ ከጎረምሶቹ መሃል ዱላውን ሽቅብ እየወረወረ ሲቀልብ፣ እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው፣ ከደሴ የተላኩ ታጣቂዎች ሐይቁ ዳር ደረሱ። ወንድሜን አይተውት አያውቁም። ስም አልጠየቁም፣ ፊት አልመረመሩም፤ ሕዝቡን ሰንጥቀው ቀጥ ብለው ወደ አረንጓዴው ጥለት ሄዱ። እናቴ ሊጨፍሩ የገቡ መስሏት እልልታዋን አላቋረጠችም ነበር። አጎቴ የዚያን ቀን ከቤቱ አልወጣም። የታደሰ እኩያ የሆነው ልጁም አልዘመተም፤ የቀበሌው ኮታ በእኛ ሞላ። ያኔ አጎቴን አንቱ እለው ነበር። ከዚያ ወዲህ «እሱ» ነው።

መስቀል ዞሮ ሲመጣ እትዬ ዘሀራ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ጮሁ። እናቴ ከግድግዳው ሳትዞር፣ «ዘሀራ፣ ድስትሽን ስበሪው» አለቻቸው።

«ወላሂ አልሰብርም! የከዳሽ ወንድምሽ፣ ድስቴ ምን አደረገሽ?» ብለው ዘው አሉና፣ እያለቀሱም እየተሳደቡም ራሳቸው አጠቡት። በሚቀጥለውም ዓመት እሳቸው አጠቡት። ከዚያ በኋላ አንድ መስከረም እናቴ ተነስታ ከእጃቸው ተቀበለቻቸው።

አሁን ደርግ ወድቋል፣ ታደሰ አልተመለሰም። አጎቴ በየጥምቀቱ ነጭ ለብሶ ከታቦቱ ፊት ፊት ያሸበሽባል፣ ሰውም አክብሮ ቦታ ይለቅለታል። በዓል ነፍስ ያድሳል ሲባል ስሰማ አልከራከርም፤ እናቴን ሲያድሳት አይቻለሁ። ግን እሱም አይቶ ነበር። በመድኃኒቷ በኩል ገብቶ ነው የወጋት።

እናቴ ዛሬም ከመስቀል ጀምራ ትፈትላለች፣ ሐይቁ ዳርም ትወርዳለች፣ እልልታዋ ብቻ አጥሯል። ድሮ ገና ሳይጠይቋት ጥለቱ ቀዩ ነው፣ ሰማያዊው ነው እያለች ለመንገደኛ ሁሉ ታወራ ነበር። ባለፈው ጥጥ እያባዘትኩላት፣ «የዘንድሮው ምን ዓይነት ነው?» አልኳት።

እንዝርቷን አቁማ ትክ ብላ አየችኝ።

«ሲለበስ ታዪዋለሽ» አለችኝ፤ እኔን፣ ልጇን።