ካባውን የጋረደው ሥዕል

ኦዴት ነህራ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ሥላ አታውቅም። የዘይት ቀለም ሣጥኗን በአንድ እጇ፣ ባለ ሦስት እግሩን የሸራ ማቆሚያ በትከሻዋ፣ የንድፍ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ጤዛው ሳይረግፍ ከቤቷ ትወጣለች። የዓይን ሎዝ መንደር ሰው ይህን ስለለመደ፣ ስታልፍ እንደ እመቤት እየጠራ «ሲት ኦዴት፣ ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው?» ይላታል። እሷም «ያንተ እንዳይመስልህ፤ ለፊትህ የሚበቃ ግራጫ ቀለም የለኝም» ብላ ሳትቆም ታልፋለች።

ሥዕል የያዛት ከብስጭት ነው። ወጣትነቷን የጨረሰችው በመንደሩ ስልክ ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ጋር ስታገናኝ ነበር። ማን ማንን እንደወደደ፣ ማን ማንን እንደካደ ታውቃለች፤ ውጭ ፀሐይ ይሁን ዝናብ ግን የምትሰማው ከደዋዮቹ ነበር። አንድ በጋ የቤሩትን ሙቀት ሸሽቶ የመጣ ሽማግሌ የሥዕል አስተማሪ አባቷ ቤት ተከራየና በዕረፍት ቀኗ ሜዳ ይዟት ወጣ። ያስተማራት ሕግ አንድ ነው፤ ያየሽውን እዚያው ቆመሽ ሣዪ፣ ቤት ወስደሽ የምታሳምሪው ነገር ሐሜት ነው። ይህን ቃል እንደ ሃይማኖት ያዘችው። ደመና ከመጣ ጠቅልላ ትመለሳለች፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት መጥታ ትቀጥላለች። ፍየል ፊቷ ከተገተረ ፍየሉም ይሣላል። እርጥቡ ቀለም ላይ ዝንብ ብትለጠፍ እንኳ «እሷም እዚህ ነበረች» ብላ ትተዋታለች። ደብተሯ ላይ በእርሳስ ቶሎ ቶሎ ትነድፍና ከጎኑ «ጥላው የዳቦ ጋጋሪዋን የኡም ሚላድን ድመት ይመስላል» ብላ ቀለሙን ትጽፋለች።

ከሁሉ አብልጣ የምትስለው ከመንደሩ በላይ የተንበረከከውን ተራራ ነበር። ሰዉ ግመሉ ይለዋል፤ ሻኛም ትከሻም አለው። ከትከሻው ሥር ምንጭ ይወጣል። ዓይን ማለት በእነሱ ቋንቋ ምንጭ ነውና መንደሩ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው፤ የቼሪውም የፖሙም አትክልት የሚጠጣው ከእሱ ነው።

ከዚያ ፋውዚ ደርጋም መጣ። መጣ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ የዚያው መንደር ልጅ ነው፣ ስልክ ቤት እየመጣ ኦዴትን ከረሜላ ሲለምን ያደገ። ሰው ሆነና የድንጋይ ካባ ከፈተ፤ ከሻኛው ጀምሮ ግመሉን መብላት ያዘ። ደማሚቱ ሲፈነዳ የየቤቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ አቧራው በለሱ ላይ፣ የተሰጣው ልብስ ላይ፣ ሕፃናቱ ሳንባ ውስጥ ያርፋል። ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም። ግማሹ ልጁ እዚያ ይሠራል፣ ግማሹ ከፋውዚ ጋር ይዛመዳል። ኦዴትስ ብትሆን ምን አደረገች? ማቆሚያዋን ነቅላ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። «ይህን ጉድ በዘይት ቀለም አላከብረውም» አለች። ደብተሯ ላይ አልፎ አልፎ ጉድጓዱን ትነድፋለች እንጂ አንድ ቀን ሸራ ላይ አላወጣችውም። እሷ ኩራት ትለው ነበር፤ ሽሽትም ይመስል ነበር። ለዓመታት ጀርባዋን ለተራራው ሰጥታ ባሕር ስትስል ኖረች።

አንድ ዓመት፣ ቼሪው ተለቅሞ ሲያልቅ፣ ፋውዚ ትከሻውንም ልቁረጥ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። የሚወስኑት ሰዎች ሐሙስ ከቤሩት መጥተው ቦታውን ከመንገዱ ላይ ሊያዩ ነው ተባለ። ከመንገዱ ላይ! መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ መስታወት ዝቅ አድርገው! ትከሻው ሲቆረጥ ምንጩ የት ይገባል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከመኪና እንኳ አይወርድም?

ረቡዕ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪዋ ኡም ሚላድ፣ የኦዴት የልጅነት ጓደኛ፣ ከመጋገሪያዋ ደጃፍ ላይ የእንኳን ደስ ያለሽ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ማብሩክ! ማብሩክ ኦዴት!»

«ምን ተገኘ? ሳላውቀው ባል አገባሁ እንዴ?»

«ከባልም ይበልጣል! ሥዕልሽን መንገድ ላይ ሰቅለውታል። ቤት ያክላል! ስምሽ ሳይቀር አለበት።»

ኦዴት እጇ ላይ የነበረውን ትኩስ ቂጣ ጥላ ሄደች። መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ፣ ካባው አፉን ከፍቶ በሚታይበት ልክ፣ ከብረት ምሰሶ ወደ ብረት ምሰሶ የተወጠረ ረጅም የፕላስቲክ ባነር ቆሟል። ባነሩ ላይ ግመሉ አለ። ሙሉ ግመል፣ ከነሻኛው ከነትከሻው፣ ግርጌው ላይ አንዲት ጥድ። ካባው ሳይከፈት በፊት የሳለችው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ማሠሪያ ዕጣ ይውጣበት ብላ የሰጠችው ሥዕል ነው። ዕጣው የደረሰው ለፋውዚ እናት ነበር። አሁን ፎቶ አንስተው፣ አሳብጠው፣ ጉድጓዳቸውን ጋርደውበታል። ባነሩ ሲረዝምባቸው ያቺን አንዲት ጥድ ደጋግመው አትመዋታል፤ ያቺው ጥድ፣ ከነተሰበረ ቅርንጫፏ፣ አራት ቦታ ቆማለች። ሰማይዋ ላይ «ተፈጥሮን እንጠብቅ» የሚል ጽሑፍ ከፋውዚ ድርጅት ስም ጋር ለጥፈዋል። ታች ጥጉ ላይ ደግሞ ስሟ፣ በራሷ የእጅ ጽሕፈት፣ አህያ አክሎ ተጋድሟል።

ደሟ ፈላ። መሰረቁ አይደለም ያንገበገባት፤ ሰርቀው ቢሸጡት ኖሮ ስቃ ታልፈው ነበር። ይህ ግን በሐሰት ማስመስከር ነው። ነገ እነዚያ ሰዎች በዚህ ሲያልፉ «ተራራው ይኸው በቦታው አለ» ብላ የምትነግራቸው፣ ስሟን ፈርማ፣ እሷው ራሷ ናት።

በቀጥታ ወደ መንደሩ ሹም፣ ወደ ሙኽታር ጧኑስ ሄደች። ሙኽታሩ በረንዳው ላይ ሺሻውን ይስባል።

«አስወርድልኝ!» አለችው ገና ደረጃው ላይ ሆና።

«መጀመሪያ ተቀመጪ። ሰው ለመታወቅ ስንት ዓመት ይለፋል፤ ፋውዚ አንቺን ቤትሽ በተቀመጥሽበት አሳወቀሽ። ምን አጠፋ?»

«ውሸት ነው የተሰቀለው፣ ጧኑስ። በእኔ ስም።»

«ስምሽ ከሆነ ያስቸገረሽ ቀላል ነው። ለፋውዚ እነግረዋለሁ፣ ስምሽን ያጥፋልሽ። ነገሩም በዚህ ይለቅ።»

ኦዴትና ጧኑስ አብረው ያደጉ ናቸው፤ ከዚያ ምንጭ አብረው ውኃ የጠጡ ናቸው።

«ስሜ ይቆያል» አለችው። «የሚታረመው ሥዕሉ ነው።»

ሙኽታሩ የቀለደች መስሎት ሳቀ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እያደር እስኪጠራ ግን ትከሻው አይቆይላትም። ሐሙስ ገና ሲነጋ ኦዴት በኡም ሚላድ ደጅ ቆማ መሰላልና የበር ቀለም ጠየቀቻት። የራሷ ትንንሽ ቱቦዎች ለዚያ ባነር ጥፍር አይቀቡም።

«አብደሻል?» አለች ኡም ሚላድ። «ልጄ እዚያ ነው የሚሠራው! ዳቦዬን ልትነሺኝ ነው?»

«አውቃለሁ። ካልሰጠሽኝ አልቀየምሽም።»

ኡም ሚላድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ሊጧን የምታቦካው በዚያ ምንጭ ውኃ ነው። ወደ ጓዳ ገባችና መሰላሏን፣ በሩ ተቀብቶ የተረፈ አንድ ቆርቆሮ ነጭና አንድ ቆርቆሮ ቡናማ ቀለም አወጣች።

«እኔ አልሰጠሁሽም። ሰርቀሽ ነው የወሰድሽው» አለቻት፤ መሰላሉን ግን እስከ መንገዱ ድረስ አብራ ተሸከመች።

ነፋስ እንዳይቀደው ባነሩ እዚህም እዚያም በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተሰንጥቋል። ኦዴት መሰላሉ ላይ ወጥታ አንዱን ስንጥቅ በጣቷ ገለጥ አደረገችና በዚያ አጮልቃ አየች። ጉድጓዱ እንዳለ አለ። ሕጓን አላፈረሰችም፤ ያየችውን እዚያው ቆማ ነው የምትስለው። በሰፊው ብሩሽ መጀመሪያ ሻኛውን ጠረገችው። ለስንት ጠዋት ለፍታ የሳለችው ሻኛ በአንድ እጅ ቀለም ጠፋ። ቀጥሎ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተቆረጠውን ገደል አወጣች፣ ከዚያ ማሽኖቹ የቆፈሩትን ጥቁር ጥላ። ይባስ ብሎ የሚያናድደው ደግሞ የተቆረጠው ድንጋይ በማለዳው ብርሃን ማማሩ ነው፤ ሮዝ ነገር ጣል አድርጎበታል። «ይህችን እንኳ አልነፈግኸውም!» አለች ወደ ሰማይ አንጋጣ። ያየችውን መዋሸት ስለማይሆንላት ግን ሮዝ ቀለም ከሣጥኗ አውጥታ ጨመረችበት።

ወደ ካባው የሚሄዱት ሠራተኞች አንድ ሁለት እያሉ ቆሙ። የኡም ሚላድ ልጅ ሚላድም መሐላቸው ነበር።

«ኻልቶ ኦዴት፣ አሳነሱት» አላት እንደ አክስቱ እየጠራ።

«ምኑን?»

«ጉድጓዱን። በቀኝ በኩል እስከ አቡ ጣኒዮስ የወይን እርሻ ድረስ ገብቷል። ከዚያ ሆነው አይታይዎትም።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«እኔ አይደለሁ የቆፈርኩት?»

ሰዉ ሳቀ፤ ሚላድ ግን አልሳቀም። ኦዴት ወርዳ መሰላሉን ወደ ቀኝ አዛወረችና ጨመረች።

ይህን ጊዜ የፋውዚ መኪና ደረሰ። ፋውዚ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ሮጠ።

«ሲት ኦዴት! ምን እያደረጉ ነው? ንብረቴን እኮ ነው የሚያበላሹት! ሥዕሉን እናቴ በዕጣ ነው ያገኘችው፤ የእኛ ነው።»

«ሸራው የእናትህ ነው። ያየሁበት ዓይን ግን ዕጣ አልወጣበትም! ዓይንህን በጨው አጥበህ በእኔ ዓይን ትዋሻለህ፣ ፋውዚ? ከረሜላ የሰጠሁህ ለዚህ ነው?»

«ውረጂ ነው የምልሽ! ፖሊስ እጠራለሁ!»

«ጥራው! እሱም መጥቶ ያያል።»

ፋውዚ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ምን ትገተራላችሁ? አውርዱት!»

ሚላድ ንቅንቅ አላለም። ሌሎች ሁለቱ ገመዱን ፈቱና የባነሩ ግማሽ ተንሸራትቶ ወረደ። ከኋላው ካባው ብቅ አለ። የወደቀው ጎን ላይ እውነተኛው ጉድጓድ፣ ያልወደቀው ጎን ላይ የተሣለው ጉድጓድ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው ቆሙ።

«መልሱት! መልሱት!» ጮኸ ፋውዚ። ጎትተው መለሱት። አሁን ሙሉው ጉድጓድ ከነሮዙ ባነሩ ላይ አፈጠጠ፤ ከላዩ «ተፈጥሮን እንጠብቅ» ይላል። «አውርዱት!» አለ እንደገና፤ ገመዱን ሲለቁት አንዱ ጎን ተንጠለጠለ።

«ጌታዬ፣ የቱን ነው የምንጋርደው?» ብሎ አንደኛው ከልቡ ጠየቀ።

ፋውዚ ሳይመልስለት፣ ከቤሩት የመጡት ሰዎች መኪና ከመታጠፊያው ወጣ። የተፈታው ገመድ መንገዱ ላይ ስለተጋደመ ሾፌሩ ቆመ። ከኋላ የተቀመጠው ባለ ከረባት ሰውዬ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ባነሩን፣ ከዚያ መሰላሉ ላይ ቀለም በቀለም ሆና የቆመችውን አሮጊት አየና ፈገግ አለ።

«ድንቅ ነው፣ ማዳም! እጅዎ ይባረክ። ሠዓሊዋ እርስዎ ነዎት?»

ኦዴት ከመሰላሉ ወርዳ መኪናው ድረስ ሄደች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከቤሩት የመጣ ሰው ይህን እንዲለኝ ስጠብቅ ኖሬያለሁ» አለችው። «ዛሬ አልፈልገውም! ሥዕሉ ምን ያደርግልዎታል? ተራራችንን በልተው ጨርሰው ውኃችንን ሊደግሙ ነው፤ እርስዎ ተቀምጠው ቀለም ያደንቁልኛል! ወርደው ይዩ!»

ነጭ ቀለም በነከረው እጇ የመኪናውን በር ይዛ ከፈተችው። የሰውዬው ፈገግታ ጠፋ። በሩ ላይ የቀረውን የእጇን አሻራ አየ፤ ከዚያ በተንጠለጠለው ባነር ጎን አሻግሮ ካባውን አየ፣ ከካባው በላይ ብቻውን የቀረውን ትከሻ አየ። ፋውዚ ሊናገር አፉን ሲከፍት በእጁ ከለከለው።

«ሞተሩን አጥፋ» አለው ለሾፌሩ፤ ወረደም።